1 ሜትር ከ73 ለመቺ ያንሳል?

የእህቴ ልጅ ቁመቷ 1 ሜትር ከ73 ነው። የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። መረብ ኳስ ትጫወታለች፤ የምትወደው ቦታ የግራ መቺነት ነው፤ ከመረቡ ግራ ጫፍ ዘላ ኳስ የምትመታዋ ማለት ነው። በእኛ ቤተሰብ ረጅም ማለት እሷ ናት። እናቷንም አባቷንም ካለፈች ቆየች። ዘመድ ሲሰበሰብ «ይህቺ ልጅ መቼ ነው ማደግ የምታቆመው?» የምትባለው እሷ ነች። መረብ ኳስ ሜዳ ላይ ስትቆም ግን አጭር ናት። ከጎኗ የሚሰለፉት ልጆች 1 ሜትር ከ80፣ 1 ሜትር ከ85 ናቸው። ከመረቡ ማዶ ያሉት አንዳንዴ ከዚያም ይበልጣሉ።

አንድ ምሽት በስልክ ስናወራ ጠየቀችኝ። «አጎቴ፣ ኮሌጅ ገብቼ መቺ ሆኜ መጫወት እችላለሁ? ወይስ ከአሁኑ ሊቤሮ ልሁን?»

ሊቤሮ ማለት የተለየ ቀለም ማሊያ የምትለብሰዋ፣ የኋላ መስመር ላይ ብቻ የምትጫወተዋ ናት። ሥራዋ ኳስ መቀበልና መከላከል ነው። ከመረቡ ጫፍ በላይ ያለ ኳስ መምታት አይፈቀድላትም። እኔ ሊቤሮነትን በጣም ነው የማከብረው። አሜሪካ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሴቶች ቮሊቦል የመጀመሪያውን ወርቅ ስታገኝ የውድድሩ ምርጥ ሊቤሮ የተባለችው ጀስቲን ዎንግ-ኦራንቴስ ነበረች፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ70 አይሞላም። ግን የእህቴ ልጅ የጠየቀችኝ ስለ ሊቤሮ ክብር አልነበረም። የምትወደውን ነገር በሴንቲ ሜትር ምክንያት መተው አለባት ወይ ነው ጥያቄው። ይህንን ጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ አልፈለግኩም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት፣ ብዙ ጨዋታ አየሁ፣ አሁን ደግሞ እጽፈዋለሁ። እዚህ አገር ልጆቻቸውን ከልምምድ ልምምድ የሚያመላልሱ ብዙ ወላጆቻችን ያው ጥያቄ እንዳለባቸው አውቃለሁ።

መጀመሪያ ጨዋታው እዚህ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ላስረዳ። እኛ መረብ ኳስን የምናውቀው ከትምህርት ቤት ግቢ ነው። ሁለት እንጨት ተክለን፣ መረብ ሲጠፋ ገመድ ወጥረን፣ አቧራው ላይ መስመር አስምረን ተጫውተናል። እዚህ የሴቶች ኮሌጅ ቮሊቦል ስታዲየም ይሞላል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2023 የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ጨዋታውን ወደ አሜሪካ ፉትቦል ስታዲየሙ አውጥቶ 92,003 ሰው ገባ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የነጻ ትምህርት ዕድሉም ብዙ ነው። በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች በጾታ እንዳያዳሉ ስላስገደደ፣ ኮሌጆች ለሴቶች ስፖርት በጀት መመደብ ጀመሩ። የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ በሆነው በአንደኛው ዲቪዚዮን አንድ የሴቶች ቮሊቦል ቡድን ለብዙ ዓመታት 12 ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችል ነበር። 12 ብቻ ነበር። ስለዚህ አሰልጣኙ እያንዳንዷን ቦታ ለማን እንደሚሰጥ አስልቶ ነው። ቁመት ወደ ወሬው የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው እንግባ። የሴቶች መረብ ከፍታ 2 ሜትር ከ24 ነው። መቺ ኳሱን ከዚያ በላይ ማግኘት አለባት፤ በላይ ብቻ ሳይሆን በደንብ በላይ። «ቁመት» ስንል ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እያደባለቅን ነው። አንደኛው ከእግር እስከ ራስ ያለው ነው። ሁለተኛው ቆማ እጇን ስትዘረጋ የምትደርስበት ነው፤ ሁለት እኩል የሚረዝሙ ልጆች በክንዳቸው ርዝመት ብቻ ብዙ ሴንቲ ሜትር ሊለያዩ ይችላሉ። ሦስተኛው ተንደርድራ ስትዘል የምትነካው ከፍታ ነው። ለኳሷ የሚገባት ይህ ሦስተኛው ብቻ ነው። ኳስ የማንንም መታወቂያ አታይም።

በቁጥር እንየው። አንዷ ልጅ 1 ሜትር ከ88 ናት፤ ቆማ 2 ሜትር ከ42 ትደርሳለች፤ ዝላይዋ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። 2 ሜትር ከ92 ነካች ማለት ነው። ሌላዋ 1 ሜትር ከ75 ናት፤ ቆማ 2 ሜትር ከ27 ትደርሳለች፤ ግን 70 ሴንቲ ሜትር ትዘላለች። 2 ሜትር ከ97 ነካች። አጭሯ በለጠች። የአሜሪካ አሰልጣኞች 10 ጫማ የሚሉት፣ ማለትም 3 ሜትር ከ5 ገደማ፣ ለብዙ ልጆች የሕልም መስመር ነው። ወደዚያ መስመር የሚያደርሰው መንገድ አንድ አይደለም።

የዚህ ትልቋ ማስረጃ ኩባዊቷ ሚሬያ ሉዊስ ናት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ75 ብቻ ነበር። ከእህቴ ልጅ በሁለት ጣት ብትበልጥ ነው። ዘላ የምትመታበት ከፍታ ግን 3 ሜትር ከ39 ተብሎ ተመዝግቧል። ከመረቡ ጫፍ 1 ሜትር ከ15 በላይ ማለት ነው! በ1992፣ በ1996 እና በ2000 ከኩባ ጋር ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። የድሮ ቪዲዮዎቿን ማየት እወዳለሁ። ከመሬት ስትነሳ ጊዜ ወስዳ ነው የምትወጣው፤ ብሎክ የሚያደርጉት፣ ማለትም ምቷን ለመከልከል ዘለው እጃቸውን መረቡ ላይ የሚዘረጉት፣ ወርደው ሲያልቁ እሷ ገና አየር ላይ ናት።

ግን እሷን ጠቅሶ «ቁመት ምንም አይደለም» ማለት ልጆቻችንን ማታለል ነው። እንደ ሚሬያ ሉዊስ የዘለለች ሴት ከስንት አንድ ናት። ደግሞም እሷ የምታሳየን ችሎታ ከቁመት እንደሚበልጥ አይደለም፤ ዝላይ ቁመትን ማካካስ እንደሚችል ነው። ይህ ሌላ ነገር ነው።

የቁመትን ጉልበት ማየት የፈለገ የ2021ን የኮሌጅ ፍጻሜ ይመልከት። ዊስኮንሰን ከኔብራስካ ተጫውቶ 3 ለ 2 አሸነፈ። ዊስኮንሰን ዳና ሬትኪ ነበረችው፤ 2 ሜትር ከ3። አና ስምሬክም ነበረችው፤ 2 ሜትር ከ6። ስምሬክ ያኔ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተብላ ተሸለመች። እንደነዚህ ዓይነት ሁለት ሴቶች መረቡ ላይ እጃቸውን ሲዘረጉ ለተቃራኒ መቺ የሚታያት ሜዳ ይጠባል። ጥሩ የተመታ ኳስ ራሱ ተመልሶ እግሯ ሥር ይወድቃል። መሃል ላይ ለምትጫወት ብሎከር ቁመት ግዴታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እሷ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሮጣ፣ ሙሉ ዝላይ ለመዝለል ጊዜ ሳታገኝ፣ እጇን መረቡ ላይ ማድረስ አለባት። እዚያ ቦታ ላይ 1 ሜትር ከ73 አይሆንም። የእህቴን ልጅም እንዲያው ነው ያልኳት።

የግራ መቺ ሥራ ግን ሌላ ነው። ቮሊቦልን በቴሌቪዥን አልፎ አልፎ የሚያይ ሰው የሚያስታውሰው ያማረውን ነው፤ ሰርቩ (ጨዋታውን የሚያስጀምረው ኳስ) በደንብ ይነሳል፣ ሴተሯ ኳሱን ለመቺዋ ታመቻቻለች፣ መቺዋ ትበራለች፣ ኳሱ ወለሉን ይደበድባል። እንዲህ ያለ ኳስ ሲመጣ ቁመት ያላት ልጅ ንጉሥ ናት። ጨዋታው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይሄድም። ሰርቩ ከባድ ነው፤ ተቀባይዋ ኳሱን ወደ ጎን ትሰደዋለች፤ ሴተሯ ሮጣ አትደርስበትም። ሌላ ልጅ ከሜዳው መሃል ከፍ አድርጋ ወደ ግራ ጫፍ ትወረውረዋለች። ኳሱ ከመረቡ ርቋል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ማዶ ያሉት ሁለት ብሎከሮች ተደላድለው ይጠብቃሉ። ሁሉም ሰው ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። በዚህ ሰዓት ኳሱን የምትወስደው የግራ መቺ ናት። ሌላ ማንም የለም።

እዚህ ጋ ነው ችሎታ የሚለየው። ያልበሰለች ረጅም ልጅ በሙሉ ኃይሏ ብሎክ ላይ ትመታለች፤ ወይ ይመለስባታል፣ ወይ መረብ ይይዘዋል፣ ወይ ከሜዳ ይወጣል። የበሰለችዋ ግን አየር ላይ ሆና ትመርጣለች። የብሎከሯ የውጭ እጅ ትንሽ ከተከፈተ ሆን ብላ እሱ ላይ ትመታዋለች፤ ኳሱ ነክቶ ሲወጣ ነጥቡ የእሷ ነው። ተከላካዮቹ ወደ ኋላ ከሸሹ ቀስ አድርጋ ከብሎኩ ጀርባ ትጥለዋለች። ምንም ቀዳዳ ካላየች ደግሞ በለስላሳው ብሎኩ እጅ ላይ አስነክታ ወደ ራሷ ሜዳ ታስመልሰዋለች፣ ጓደኞቿ ያነሱታል፣ እንደገና ይጀምራሉ። ይህ የመጨረሻው ለተመልካች ምንም አይመስልም። ለእኔ ግን ከኃይለኛው ምት ይበልጥብኛል። መቺዋ በዚያች ቅጽበት ነጥብ ላለመስጠት ወሰነች ማለት ነው።

የኮሌጅ ስታቲስቲክስ ይህንን ይይዘዋል። የመቺ መለኪያ ያገባችው ነጥብ ብዛት ብቻ አይደለም። ካገባችው ላይ የሳተችው ይቀነሳል፣ ከዚያ ለሞከረችው ሁሉ ይካፈላል። 30 ጊዜ መትታ 12 አግብታ 6 የሳተች ልጅ ውጤቷ .200 ነው። 25 ጊዜ መትታ 10 አግብታ 2 የሳተች ልጅ ደግሞ .320 ናት። የመጀመሪያዋ ብዙ አገባች፤ ሁለተኛዋ ግን ለቡድኗ ትሻላለች። በኮሌጅ .300 ያለፈች የግራ መቺ ጥሩ ናት ይባላል። ወላጆች ከሜዳ ዳር ስንጮህ የምንቆጥረው የተመታውን ነው። አሰልጣኝ የሚቆጥረው የሳተውንም ነው።

ወደ ጃፓን ልውሰዳችሁ፤ ለአጭር መቺ ትምህርት ቤቱ እዚያ ነውና። የጃፓን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ግራ መቺ ማዩ ኢሺካዋ 1 ሜትር ከ74 ናት። ለብዙ ዓመት ግራ መቺ የነበረችውና ቡድኑን በአምበልነት የመራችው ሳሪና ኮጋ 1 ሜትር ከ80 ነበረች። ይህ ቡድን በ2024 የብሔራዊ ቡድኖች ውድድር በሆነው በኔሽንስ ሊግ ፍጻሜ ደርሶ ለጣሊያን ተሸንፎ ብር ይዞ ተመለሰ። ፍጻሜ ላይ የገጠማቸው ማን እንደነበር አስቡት፤ ጣሊያን 1 ሜትር ከ93 የምትሆነውን ፓኦላ ኤጎኑን ይዛ ነው የመጣችው። ኤጎኑ ያንኑ ዓመት በፓሪስ ኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳ የውድድሩ ምርጥ ተባለች። የጃፓኖቹ ስልት ግልጽ ነው። ኳሱን ዝቅ አድርገው በፍጥነት ወደ ጫፍ ይልኩታል፤ ረጃጅሞቹ ብሎከሮች ሁለት ሆነው ሳይደርሱ ይመታል። ይህ እንዲሆን ግን የሰርቭ አቀባበሉ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ሴተሯ ከቦታዋ ብዙ መነቃነቅ የለባትም። ስለዚህ አጭር መቺ የምትኖረው በቡድኗ ኳስ አቀባበል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከተቀባዮቹ አንዷ ራሷ ናት።

እስካሁን ያልነው ለየትኛውም አገር ይሠራል። የአሜሪካ ኮሌጅ ግን አንድ የራሱ ሕግ አለው፤ ስለ ቁመት የሚደረገው ክርክር ሁሉ ለእኔ እዚህ ሕግ ላይ ነው የሚያርፈው። በመረብ ኳስ ተጫዋቾች ይዞራሉ። ሦስት ዙር ከፊት፣ ሦስት ዙር ከኋላ። በዓለም አቀፍ ውድድር አንድ ቡድን በአንድ ምድብ (ጨዋታው ከሚከፋፈልባቸው ክፍሎች በአንዱ) ውስጥ 6 ቅያሪ ብቻ ነው ያለው። በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ግን 15 ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኮሌጅ ውስጥ አሰልጣኙ ረጅሟን መቺ ከፊት መስመር ላይ አስመትቶ፣ ወደ ኋላ የምትዞርበት ሰዓት ሲደርስ አስወጥቶ፣ ኳስ መቀበል የምትችል አጭር ልጅ ማስገባት ይችላል። ዙሩ ሲመለስ ረጅሟን መልሶ ያገባታል። ይህንን ደጋግሞ ማድረግ ይችላል። ስለዚህ ኳስ መቀበል የማትችል 1 ሜትር ከ93 ልጅ በአሜሪካ ኮሌጅ ሥራ አላት። በብሔራዊ ቡድን ደረጃ ያቺው ልጅ፣ ግራ መቺ ከሆነች፣ ቦታ ማግኘት ይከብዳታል።

አሰልጣኞች «ቁመት ማስተማር አይቻልም» ሲሉ የሚያስቡት ይህንን ነው። ረጅሟን ልጅ ልውሰድ፣ በአራት ዓመት ውስጥ የቀረውን አስተምራታለሁ፣ እስከዚያው ደግሞ ከኋላ እቀይራታለሁ። አጭሯን ብወስድ ግን አትረዝምልኝም። አነጋገሩ ትክክል ይመስላል፤ ግማሹም ትክክል ነው። እኔ የማልስማማው በሁለተኛው ግማሽ ነው። ኳስ የመቀበል ስሜት፣ የሰርቭን አካሄድ ሰርቭ ከምትመታዋ ትከሻ የማንበብ፣ አየር ላይ ሆኖ ብሎክን የማየት፣ እነዚህ ነገሮች 19 ዓመት ላይ በቀላሉ የሚጨመሩ አይደሉም። በልጅነት በሺህ በሚቆጠር ኳስ ነው የሚገነቡት። ችሎታ ሁልጊዜ የሚማሩት፣ ቁመት ብቻ የሚወለዱበት ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው። ችሎታም የራሱ ዕድሜ አለው፤ ያ ዕድሜ ካለፈ እሱም አይመጣም።

ለዚህ ነው እኔን የሚያበሳጨኝ ነገር ኮሌጅ ላይ ሳይሆን 12 ዓመት ላይ የሚሆነው። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ክለቧ ውስጥ ልጆቹን በመጀመሪያው ሳምንት በቁመት ደረደሯቸው። ረጃጅሞቹ ወደ መረቡ፣ አጫጭሮቹ ወደ ኋላ። ከዚያ በኋላ ረጃጅሞቹ ሰርቭ መቀበል አልተለማመዱም፤ አጫጭሮቹ ተንደርድሮ መምታት አልተለማመዱም። ክፍያው ደግሞ በሺዎች ዶላር ነው። የእሷ ጓደኛ የነበረች አንዲት ልጅ ያኔውኑ ከሁሉም ትረዝም ነበር። ጎበዝ፣ ታታሪ፣ የተባለችውን የምትሠራ ልጅ። 16 ዓመቷ ላይ ከኋላ መስመር ላይ ቆማ አታውቅም ነበር፤ ቆማ ስትገኝ ደግሞ ሁሉም ሰርቭ ወደ እሷ ይላካል። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። ማንም ኳሱን አልሰጣትም። አጫጭሮቹ ላይ የደረሰው ጉዳት ወዲያው ይታያል፣ ያለቅሳሉ፣ ወላጅ ይቆጣል። በረጃጅሞቹ ላይ የደረሰው ግን የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ማንም ክለቡን አያስታውስም።

12 ዓመት ላይ ማን ምን ያህል እንደሚረዝም ማን ያውቃል? ቀድማ የረዘመችው ቀድማ ታቆም ይሆናል። ከኋላ የተመደበችው ሁለት ዓመት ቆይታ ትመዘዝ ይሆናል። ብሩክ ኑነቪለርን ተመልከቱ። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሊቤሮ ሆና ተጫውታለች፤ በኋላ ግራ መቺ ሆነችና ኦል-አሜሪካን፣ ማለትም ከአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋቾች አንዷ፣ እስከመባል ደረሰች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው፤ ለዚያ ደረጃ መቺ ረጅም አትባልም። ሊቤሮ ሆና ያሳለፈችው ጊዜ የባከነ አልነበረም። መቺ ስትሆን ሰርቭ የምትቀበል፣ ከኋላ የምትከላከል፣ ስድስቱንም ዙር ሜዳ ላይ የምትቆይ መቺ ሆነች። አሰልጣኙ ለእሷ ቅያሪ ማባከን የለበትም።

በሌላው በኩል ካትሪን ፕለመር አለች። 1 ሜትር ከ98። በዚህ ቁመት ማንም ከኋላ ቁሚ አይላትም ነበር። እሷ ግን ለስታንፎርድ ግራ መቺ ሆና ሰርቭ ትቀበል ነበር፤ ከኋላ መስመርም ትመታ ነበር። በ2016፣ በ2018 እና በ2019 ከስታንፎርድ ጋር ዋንጫ አነሳች፣ ሁለት ጊዜም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለች። ቁመቷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ብሎከር ትሆን ነበር። ፕለመርን ፕለመር ያደረጋት አንድ ሰው ልጅ ሳለች ኳሱን እንድትቀበል መፍቀዱ ይመስለኛል። ጆርዳን ላርሰንም እንዲሁ ናት፤ ኔብራስካ ውስጥ ሁፐር ከምትባል ትንሽ ከተማ ወጥታ፣ በ1 ሜትር ከ88፣ በቶኪዮ የኦሊምፒኩ ምርጥ የተባለችው። ከእሷ የሚረዝሙ መቺዎች ብዙ ነበሩ። ሁሉንም ነገር እንደ እሷ የሚሠሩ ግን ጥቂት ነበሩ።

አንዲት ብቻዋን ሁሉንም የምታገባ መቺስ? ቴክሳስ በ2009 ዴስቲኒ ሁከር ነበረችው። 1 ሜትር ከ93፣ በዚያ ላይ በከፍታ ዝላይ የኮሌጆች ሻምፒዮና ያሸነፈች። ቁመትም ዝላይም አንድ ሰው ላይ ከተሰበሰበ እሷ ላይ ነው። በፍጻሜው ጨዋታ ከፔን ስቴት ጋር 34 ጊዜ አገባች። ቴክሳስ ሁለት ለዜሮ መርቶ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ሁከር የተሸነፈው ቡድን ተጫዋች ሆና ምርጥ ተባለች። ያንን ጨዋታ ሳስብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ስለ ቁመት ሳወራ ፍሎ ሃይማንን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። 1 ሜትር ከ96 ነበረች። በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ስኮላርሺፕ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ብር ወሰደች። በጥር 1986 ጃፓን ውስጥ በጨዋታ መሃል ከተቀያሪ ወንበር ላይ ወድቃ ሞተች፤ 31 ዓመቷ ነበር። ምክንያቱ ማርፋን ሲንድሮም የሚባል በዘር የሚመጣ ችግር ነው፤ ትልቁን የልብ የደም ሥር ያሳሳል። ይህ ችግር ያለባቸው ብዙዎቹ ረጃጅሞች፣ እጅና ጣታቸው የረዘመ ናቸው። ሰውን ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው፤ አብዛኛው ረጅም ልጅ ጤነኛ ነው። ግን ልጃችሁ ከቤተሰቡ ሁሉ ተለይታ በጣም ከረዘመች፣ ክንዷና ጣቶቿ ከቁመቷ በላይ ከረዘሙ፣ ለሐኪሟ ንገሩና ልቧን ያዩላት። ረጅም ልጅ ስናይ ደስ ይለናል፣ «መለሎ» እንላታለን፣ ወዲያው ለስፖርት እናጫታለን። ጤናዋ ግን ከስፖርቱ ይቀድማል።

ለእህቴ ልጅ በመጨረሻ ያልኳትን ልጻፈው።

ከትልልቆቹ አሥር ቡድኖች በአንዱ ግራ መቺ ሆነሽ የመጀመሪያ ተሰላፊ የመሆን ዕድልሽ ትንሽ ነው አልኳት። ይህንን መደበቅ አልፈለግኩም። እዚያ ያሉት ከአንቺ 10 እና 15 ሴንቲ ሜትር ይበልጣሉ፣ ብዙዎቹ ደግሞ ችሎታም አላቸው። ግን አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ አሥር ብቻ አይደለም። በአንደኛው ዲቪዚዮን ብቻ ከ300 በላይ ቡድን አለ። ሁለተኛ ዲቪዚዮን አለ፤ በከፊል ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ሦስተኛ ዲቪዚዮን አለ፤ በስፖርት ስም ገንዘብ አይሰጥም፤ በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ ግን ይረዳል፣ ከትምህርት ቤቶቹም አንዳንዶቹ በጣም ጥሩ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች 1 ሜትር ከ73 መቺዎች በየሳምንቱ ይጫወታሉ።

ከዚያ ሥራውን ተነጋገርን። ቁመትሽን መለወጥ አትችይም፤ የምትነኪውን ከፍታ ግን ትችያለሽ። መንደርደሪያሽ የመጨረሻዎቹ ሁለት እርምጃዎች ላይ ይዘገያል፤ እዚያ ላይ መፍጠን አለብሽ። ኳሱን ከራስሽ ጀርባ አስመልጠሽ በታጠፈ ክንድ ነው የምትመቺው፤ ወደ ፊትሽ አድርገሽ በተዘረጋ ክንድ ምቺው፣ ዝላይሽን ሳትጨምሪ ብዙ ሴንቲ ሜትር ታተርፊያለሽ። እግርሽን በክብደት አጠንክሪ፣ ጉልበትሽን ጠብቂ። ሰርቭሽን ደግሞ መሣሪያ አድርጊው፤ ሰርቭ ላይ ማንም ብሎክ አያደርግሽም፤ ቁመትም እንደሌላው ቦታ አይጠየቅም።

ከሁሉ በላይ ግን ሰርቭ መቀበል። ይህንን ስላት ዝም አለች። መቺ መሆን ነው የምፈልገው ስትል የኋላ መስመር ሥራ የሰጠኋት መስሏት ነበር። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ረጅሟ ልጅ ኳስ መቀበል ባትችል ትቀየራለች እንጂ መቺነቷን አታጣም። አንቺ ኳስ መቀበል ካልቻልሽ አሰልጣኙ አንቺን የሚያስገባበት ምክንያት የለውም። መቀበል ከቻልሽ ግን ስድስቱንም ዙር ሜዳ ላይ ነሽ፤ ከኋላ ስለቆየሽ ነው ከፊት የምትመቺው። «እንደዛ ከሆነ እሺ» አለች።

አሁን ቪዲዮ እያዘጋጀች ነው። የአንደኛ ዲቪዚዮን አሰልጣኞች ልጆችን በቀጥታ ማነጋገር የሚፈቀድላቸው ልጅቷ አሥረኛ ክፍልን ከጨረሰች በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት መላክ እንጂ መልስ መጠበቅ አይቻልም። የሁሉም ሰው ቪዲዮ አንድ ዓይነት ነው፤ ያማረ ኳስ ይነሳል፣ ኃይለኛ ምት፣ ሙዚቃ፣ ሌላ ኃይለኛ ምት። እሷ ሌላ እንድትሠራ ተነጋግረናል። ሙዚቃ የለም። ሙሉ ኳሶች ናቸው፣ ከሰርቭ እስከ ነጥብ። ከባድ ሰርቭ ተቀብላ፣ ኳሱ ተበላሽቶ ተመልሶ ወደ እሷ ሲመጣ፣ ሁለት ብሎክ ፊቷ ቆሞ ምን እንዳደረገች የሚያሳዩ። ሁለቱን ብሎክ ላይ አስነክታ ያስመለሰችባቸውም አሉበት፤ እነሱን ልታወጣቸው ፈልጋ ነበር፣ ነጥብ ስላልሆኑ። እንዳታወጣቸው ለመንኳት። የቁመቷን ቁጥርም ከመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ሳትጨምርበት፣ ዝላይዋን ከጎኑ አድርጋ እንድትጽፈው ተስማምተናል።